ማገጥ ለነፋው ከብት ከቢላ በፊት ዘይት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምቱ ሲወጣና መስኩ ማገጥ የሚባለውን የግጦሽ ተክል ሲለብስ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከብት በሆድ መነፋት የሚሞትበት ጊዜ ይመጣል። ብዙውን ሞት ማስቀረት ስለሚቻል ይህን ምክር ከመስከረም በፊት እንድታወጡልን እንጠይቃለን።

እርጥብ ማገጥ በጨጓራ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ከምግቡ ጋር ተደባልቆ እንደ ሳሙና አረፋ ይሆናል። ከብቱ አረፋውን ማግሳት አይችልም። ጨጓራው እየተወጠረ ሳንባውን ይጫነዋል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ማመስኳት ካቆመ፣ ሆዱን በእግሩ ከመታ፣ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቱ በስተኋላ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶ ከተወጠረ ጊዜ የለም።

ወዲያው ከማገጡ አውጡትና የፊት እግሮቹ ወደ ዳገቱ እንዲሆኑ አቁሙት። ለበሬ ወይም ለላም ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የኑግ ዘይት ጋቱ፤ ሌላም የምግብ ዘይት ይሆናል። ለበግ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከብርጭቆ ጠርሙስ ይሻላል፣ በጥርሱ አይሰበርምና። አፉን ከዓይኑ ከፍታ በላይ አታንሱ፣ ምላሱን አትጎትቱ፤ በአፉ ጎን አስገብታችሁ ጥቂት በጥቂት አፍስሱ። ካሳለ ቶሎ ራሱን ልቀቁት፤ ሳንባ የገባ ዘይት ከመነፋቱ ባልተናነሰ ይገድላል። ላምባ ፈጽሞ አትጋቱ። ከዚያ የግራ ጎኑን እሹት፣ ዱላ እንደ ልጓም በአፉ አግድማችሁ እሰሩለት፤ እያኘከ ምራቅ ይውጣል፣ ምራቁም አረፋውን ለማፍረስ ያግዛል። ቀስ ብሎ ይሂድ እንጂ አታስሩጡት።

በቢላ መውጋት ብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ የሚያሳዝነንም ይኸው ነው። አረፋ በጠባብ ቀዳዳ አይወጣም። የተወጋው ጨጓራ ከቆዳው ሲሸሽ ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃው ይፈስሳል፤ ከብቱ ያን ዕለት ቢተርፍ እንኳ ከቀናት በኋላ በቁስሉ ሊሞት ይችላል። መብጣት የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ እሱም በባለሙያ እጅ።

ድንች በሚበዛበት አካባቢ ሌላም ምክንያት አለ። አንገቱን ዘርግቶ ለሐጩን የሚያዝረበርብ ከብት ድንች ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ይሆናል። ለዚህ ዘይት አይረዳም፤ በዱላ መግፋትም ጉሮሮውን ሊቀደው ይችላል። በፍጥነት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይወሰድ።

መከላከሉ ያለው ጠዋት ላይ ነው። ተርቦ የወጣ ከብት ማገጡን እየተስገበገበ ይግጣል። ስለዚህ ከመለቀቁ በፊት ድርቆሽ ወይም የጤፍ ጭድ ይብላ፣ ጤዛውም ይድረቅ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይጋጥና ይመለስ። ጭዱ ብዙ ጊዜ ነሐሴ ላይ ስለሚያልቅ አውድማ ሲነሳ ለመስከረም የሚሆነውን ለይቶ መከመር ያስፈልጋል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች
ከምሥራቅ ጎጃም