ቁልፋችን ያለበትን ፍላሽ መልሱልን

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ይመጣል ተብሎ ስላልመጣው ፍላሽ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ። ውላችንም የተከላው ታሪክም እናንተ ዘንድ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ስለ ቅዳሜው ነገር ነው። ቁልፍ የምለው የተመሰጠረውን፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳያነበው የተቆለፈውን ኢሜይላችንን የሚከፍተውን የኮምፒውተር ፋይል ነው፤ ባክአፑ በፓስወርድ ተዘግቶ ያለው እናንተ ጋ በቀረው ፍላሽ ላይ ነው።

ባለሙያችሁ በስልክ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፍላሹን ይዤ እመጣለሁ፣ ቁልፋችሁን መልሼ አስገባላችኋለሁ፣ አታስቡ" አለኝ። ቅዳሜ ሥራ የለንም። ለዚህ ብዬ ቢሮ ከፈትኩ። ባልደረባዬም ላፕቶፗን ይዛ ከዘጌ በማለዳው ጀልባ መጣች። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አምስትም አለፈ። ስደውል "መንገድ ላይ ነኝ" ይለኛል። ከምሳ በኋላ ባዶ እጁን ገባ።

"ፍላሹስ?" አልኩት።

"እሱማ ለሌላ ደንበኛ የዊንዶውስ መጫኛ አድርገነው መሰለኝ።"

መሰለኝ! የግል ቁልፋችን ያለበትን ፍላሽ ነው እንዲህ የሚለው። ደንግጬ ዝም ስል ጭራሽ ሳቅ አለና፣ "ምን ያስጨንቃችኋል? አዲስ ቁልፍ በአምስት ደቂቃ እሠራላችኋለሁ። ደግሞ እናንተ ምን የሚደበቅ ነገር አላችሁ?" አለ።

ይህን አነጋገር እስካሁን መርሳት አልቻልኩም። የሚደበቅ ነገር አለን። ስለ እምቦጭ ጥናት ስንሠራ በጣና ዳር ያሉ ገበሬዎችና አሳ አጥማጆች አነጋግረናል። ስለ ሕገ ወጥ መረብ የነገሩን ሰዎች አሉ። ስማቸው ቢወጣ ከጎረቤት ጋር ያጣላቸዋል። "ከእኛ ውጭ ማንም አያየውም" ብለን ቃል ገብተንላቸዋል። ኢሜይላችንን ኦፕን ፒጂፒ በሚባለው የመመስጠሪያ ዘዴ እንድትመሰጥሩልን የከፈልናችሁም ለዚሁ ነው።

አዲስ ቁልፍ የሚጠቅመው ከአሁን በኋላ ለሚላክልን ብቻ ነው። በአሮጌው የይፋ ቁልፍ፣ ማለትም ለላኪዎች በሰጠነው መቆለፊያ ተመስጥሮ የመጣውን የሚፈታው አሮጌው የግል ቁልፍ ብቻ ነው። ባለሙያችሁ ይህን ያጣዋል ብዬ ማመን ይቸግረኛል።

ሲጀመር ላፕቶፑን ፎርማት ያደረገው እሱ ራሱ ነው። "ባክአፕ ይዣለሁ" ብሎ ነበር። የያዘው ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የኢሜይል ፕሮግራማችን ተንደርበርድ ቁልፎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ ፕሮፋይል ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ይህ ፎልደር አፕዳታ በሚባለው የተደበቀ ቦታ ሥር ነው። እሱ ጂኤንዩፒጂ የሚባለውን የሌላ መመስጠሪያ ፕሮግራም ፎልደር ከፍቶ "ባዶ ነው፣ መጀመሪያም ቁልፍ አልነበራችሁም" አለን። ያ ተንደርበርድ ኤኒግሜይል በሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም በኩል ጂኤንዩፒጂን ይጠቀም በነበረበት ጊዜ የነበረ አሠራር ነው። ተንደርበርድ ከስሪት 78 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ቁልፎችን የሚይዘው በራሱ ነው። ይህንን ለባለሙያ መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ?

ሰኞ ደግሞ ከዚሁ ባለሙያ ሌላ ጉድ መጣ። "ፍላሹ ሳይገኝ አይቀርም፣ የባክአፑን ፓስወርድ በቴሌግራም ላኪልኝ" የሚል መልእክት ጻፈልኝ። የቁልፉ ፋይል እናንተ ጋ፣ ፓስወርዱም እናንተ ጋ ከሆነ ምን የተጠበቀ ነገር ቀረ? የቴሌግራም ተራ ቻት ደግሞ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፤ እንዲያ የሚሆነው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። አልላክሁም፣ አልልክምም።

ሌላም አለ። የግማሽ ቀን ሥልጠና ተብሎ የተከፈለበት ነገር ሻይ ሳይቀርብ አልቋል። መመሪያውን በአማርኛ እንሰጣለን ብላችሁ የሰጣችሁን እንግሊዝኛ ነው። ደረሰኛችንን በባጃጅ ሹፌር ልካችሁ አራት ቢሮ ዞሮ ነው የደረሰን። እነዚህን ሁሉ ችለን ነበር።

አሁን የምንጠይቀው ይህን ነው። ፍላሹን እስከ ዓርብ መልሱልን። እስከዚያ ማንም ምንም ነገር አይጫንበት፣ ፎርማትም አይደረግ። ቁልፉ ተሰርዞም ቢሆን ሌላ ነገር ካልተጻፈበት የመመለስ ዕድል አለው። ፎርማት የተደረገውን ላፕቶፕ እኛም በዚሁ ምክንያት አጥፍተን አስቀምጠነዋል። ከተከላው ቀን ጀምሮ ፍላሹ በማን እጅ እንደነበረና ወደየትኞቹ ኮምፒውተሮች እንደገባ በጽሑፍ እንፈልጋለን። ከጠፋም "ጠፍቷል" ብላችሁ ጻፉልን። የመሻሪያ ሰርተፊኬቱም፣ ማለትም "ይህን ቁልፍ ከእንግዲህ አትጠቀሙበት" ብሎ ለላኪዎች የሚያሳውቀው ፋይል፣ ያለው እዚያው ፍላሽ ላይ ነው። እሱ ከሌለ ቁልፉን መሻር እንኳ አንችልም። ሰዎች በአሮጌው ቁልፍ እየመሰጠሩ መላካቸውን ይቀጥላሉ፣ እኛም አንከፍተውም። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው መንገር አለብን። በየቀኑ ዝም ባላችሁ ቁጥር ይህ ይዘገያል።

የፎርማቱና የሥልጠናው ክፍያ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ባለሙያውም ለተናገረው ነገር ባልደረባዬንና እኔን ይቅርታ ይጠይቅ። ዓርብ ካለፈ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት እንላለን። ለሰዎቹ ቃል የገባነው እኛ ስለሆንን ይህን ለመተው መብት የለንም።

ፍላሹ ሲመጣ በባጃጅ እንዳይላክ። እርስዎ ራስዎ ወይም እርስዎ በጽሑፍ የወከሉት ሰው ያምጣው፤ ፈርሜ የምቀበለው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥናት ቢሮው የመረጃ አያያዝ ኃላፊ
ባሕር ዳር