ልጆቹን ከትምህርት ያስወጣው ክፍያው አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች ክፍያ ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ራሴ አገኘሁት። ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ላከልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አንዲት የማኅበራችን ሴት ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። "ይሄ የልጅሽ ነገር አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ልጄ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል።

ከጽሑፉ በላይ ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ክብ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ አለ። የምትጽፉት ስለ ሌላ ጨዋታ ነው። እሱን በአንድ ደቂቃ መቀየር ይቻላል፣ ስለዚህ አልከራከርበትም። የምጽፈው ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ክፍያው ወጣቶቹን ከትምህርት ገበታ እያስኮበለለ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ እየወሰዳቸው ነው" ብላችኋል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘቡ ልጆቹን ኮሌጅ ውስጥ እያቆያቸው ነው።

ወንድሜ ያንን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሌሊት ደወለልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ። "ልጁን ለገንዘብ ብለሽ ከትምህርት ልታስወጪው ነው?" አለኝ። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ስሠራ 17 ዓመቴ ነው። የሠራሁት ያ ልጅ እንዲማር ነው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ለወንድሜ ማስረዳት ጀመርኩ። አላመነኝም። "ተጽፏል እኮ" አለኝ። እናንተ ስለጻፋችሁት ከእህቱ ይልቅ እናንተን አመነ።

እስቲ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ኤንኤፍኤል የፉትቦሉ ፕሮፌሽናል ሊግ ነው፤ ድራፍት የሚባለው ደግሞ የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው። እዚያ ውስጥ ለመግባት አንድ ልጅ ከሃይስኩል ከወጣ ቢያንስ 3 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ሞሪስ ክላሬት የሚባል የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ይህን ሕግ ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሊጉ ፈረደ። ስለዚህ አንድ ልጅ ገንዘብ ስላየ ብቻ አንደኛ ዓመት ላይ ብድግ ብሎ አይሄድም። ውሳኔው የሚመጣው ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ነው። ልሂድ ወይስ አንድ ዓመት ልጨምር? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው።

እስከ 2021 ድረስ የሚቆይ ልጅ ከስኮላርሺፑና ከትንሽ ድጎማ ሌላ ምንም አያገኝም ነበር። የራሱን ስም እንኳ መሸጥ አይችልም። ኤ ጄ ግሪን የሚባል ተጫዋች ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት በ2010 የራሱን ማሊያ በ1,000 ዶላር ሸጠ ተብሎ 4 ጨዋታ ታግዷል። የራሱን ማሊያ! ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ፈቀደ። ጁን 2025 ላይ ደግሞ አንዲት ዳኛ ኤንሲኤኤ ከስፖርተኞቹ ጋር የደረሰበትን ትልቅ የፍርድ ቤት ስምምነት አጸደቁ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ ማከፋፈል ቻለ። በትልልቆቹ ቡድኖች ከዚህ አብዛኛው የሚሄደው ለፉትቦል ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? በ2021 የኮሌጅ ጨዋታ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ ድራፍት የገቡት ከ120 በላይ ነበሩ። በየዓመቱ እየቀነሱ ሄደው በ2024 ከ60 በታች ሆኑ። ልጆቹ እየኮበለሉ ቢሆን ይህ ቁጥር መጨመር አልነበረበትም? ዘገባውን የጻፈው ሰው ይህን ቁጥር አይቶት ቢሆን ያ ዓረፍተ ነገር አይወጣም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ለማወቅ ድራፍቱን ማወቅ ይበቃል። 7 ዙር ነው። ከ2011 ጀምሮ የጀማሪ ክፍያ እንደ ምርጫው ቁጥር ተወስኗል። ከላይ የተመረጠው ሀብታም ይሆናል። ከታች የተመረጠው ግን ከቡድኑ ከተቀነሰ ውሉ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ አብዛኛውን አያየውም። በ2025 የጀማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ 840,000 ዶላር ነበር፤ እሱም ሙሉውን ሲዝን ዋናው ቡድን ውስጥ ለቆየ ነው። ኩዊን ኢወርስን ውሰዱ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች ነበር። በ2025 ድራፍት ገባና በ7ኛው ዙር 231ኛ ሆኖ ማያሚ ዶልፊንስ ወሰደው። የ4 ዓመት ውሉ ተደምሮ 4.3 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ኮሌጅ ቢቆይ ኖሮ በአንድ ዓመት ብቻ ከዚያ የበለጠ ሊያገኝ ይችል እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ካም ዋርድ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ላይ ድራፍት እገባለሁ ብሎ ካሳወቀ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አንድ ዓመት ተጫወተ። በ2025 ከሁሉም ቀድሞ 1ኛ ተመረጠ። በዚያው ዓመት የኮሌጅ ሻምፒዮን የሆነው ኦሃዮ ስቴትም ዋንጫውን ያነሣው ድራፍት መግባት እየቻሉ በቀሩ ልጆች ነው።

አሁን ስለ እህቴ ልጅ ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው እሷ ስለፈቀደችልኝ ነው።

እህቴ የምትኖረው ዳላስ ነው። ልጇ ጥሩ ተጫዋች ነበር። በ2018 መጨረሻ እሷ ኩላሊቷን ታመመች፤ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ገባች። ሥራ አቆመች። ታናናሾቹ ሁለት ነበሩ። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወተው ስታዲየም ሞልቶ ነው። የእሱ ቁጥር ያለበት ማሊያ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል ብለው ዘመድ ሁሉ ይኩራራሉ። ለእናቱ የቤት ኪራይ የሚልከው ግን መቶ ዶላር አልነበረውም። ጥር ላይ ድራፍት እገባለሁ አለ። አሰልጣኙ ገና ነህ ብሎት ነበር። እኔም ደውዬ "የኔ ልጅ፣ ሁለት ሴሚስተር ነው የቀረህ፣ ጨርሰው" አልኩት። "አክስቴ፣ እማዬን ማን ያብላት?" አለኝ። ምን ልመልስለት?

አልተመረጠም። አንድ ቡድን ለልምምድ ጠራውና ነሐሴ ላይ ቀነሰው። ድራፍት ገብቶ የመመለሻው ቀን ስላለፈ ኮሌጅ ተመልሶ መጫወት አይችልም። ስኮላርሺፑም ቀረ። ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳል። ሥራው ክቡር ነው፣ እናቱንም ያስተዳድራል። ዲግሪው ግን እስካሁን ሁለት ሴሚስተር እንደጎደለው ነው።

እናንተ "ክፍያው አስኮበለላቸው" ስትሉ እኔ የማየው እሱን ነው። ያንን ልጅ ከትምህርት ያስወጣው የክፍያ አለመኖር ነው። ችግር ነው ያስወጣው። ዘገባችሁ ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ ጫነ።

የኔ ልጅ ዘንድሮ እዚያው መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ኤንኤፍኤል ልጆቹ ከመወሰናቸው በፊት የሚገመግም ኮሚቴ አለው። መልሱ አጭር ነው፤ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር፣ ወይም ትምህርትህ ላይ ቆይ። ለልጄ የመጣው ሦስተኛው ነው። የሚጫወተው ከትልልቆቹ ቡድኖች በአንዱ አይደለም፤ የሚከፈለውም ሚሊዮን አይደለም። የቤት ኪራዩን ይከፍላል፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ የኔን መኪና ጎማ ለወጠ። እሱ ግን በቃው። "እማ፣ እቆያለሁ፣ ዲግሪዬንም እይዛለሁ" አለኝ። የእህቴ ልጅ ያንን ያህል ብቻ ቢኖረው ኖሮ ይቆይ ነበር።

ጉዳት የለም አልልም። ገንዘቡ ሲሰጥ ግብር አይቀነስበትም። አንድም ሰው ሳይነግረን ኤፕሪል ላይ ዱብ ዕዳ ሆነብን፤ እኔ ከቁጠባዬ ነው የሞላሁት። በየዓመቱ ብዙ ወደሚከፍል ዩኒቨርሲቲ የሚዘዋወሩ ልጆች ሁሉም ክሬዲታቸው አይያዝላቸውም፤ ለትምህርት ካሰባችሁ መጻፍ የነበረባችሁ ስለዚህ ነበር። አዲሱ ስምምነት አንድን የፉትቦል ቡድን በ105 ተጫዋች ስለገደበ ያለ ስኮላርሺፕ ሲለፉ የነበሩ ልጆች ቦታቸውን አጥተዋል። መቆየትም ዋስትና አይደለም። ድሩ አላር የሚባል ኳርተርባክ በ2025 ድራፍት መግባት እየቻለ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቆየ። ኦክቶበር ላይ ተጎድቶ ሲዝኑ አበቃ። ልጄ ሜዳ ሲገባ ዓይኔን ጨፍኜ የምጸልየው ለዚህ ነው።

ሌላም ያስቆጨኝ ነገር አለ። ዘገባው የተጻፈው በአማርኛ ነው። የሚያነበው የኛ ሰው ነው። ስለኛ ልጆች ግን አንድ መስመር የለም። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሃይስኩል ውስጥ ፉትቦል የሚጫወቱ የሐበሻ ልጆች አሉ። ወላጆቻቸው በእናንተ ጽሑፍ ተነሥተው ልጃቸውን ከቡድኑ ሊያስወጡት ይችላሉ። አንድ አባት ይህንኑ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የእናንተ ዓረፍተ ነገር ለእውነት የሚቀርብበት ቦታ ካለ ደግሞ እሱም የኛው ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ መጥተው ለኮሌጅ የሚሮጡ ልጆች አሉ። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ከካምፓስ ውጭ እንደልቡ መሥራት አይፈቀድለትም። ስለዚህ አሜሪካዊው ጓደኛው የማስታወቂያ ውል ሲፈርም እሱ ቪዛዬን አጣለሁ ብሎ ይፈራል። በሩጫ የ3 ዓመት ሕግ የለም። የጫማ ኩባንያ ውል ይዞ ከመጣለትና ቤተሰቡ የሚጠብቀው ከሆነ ትምህርቱን ትቶ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? እሱንም ቢሆን የሚያስወጣው ኮሌጁ የሚከፍለው ገንዘብ አይደለም። እሱ ጋ ሳይደርስ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ዘጋቢያችሁ አንዱን ደውሎ ቢያነጋግር ዘገባው ሌላ በሆነ ነበር።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ይታረም። ዕርማቱም ከታች በትንሽ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ይውጣ። ሲወጣ አሳውቁኝ። ለወንድሜ የምልክለት እኔ ነኝ።

የአንድ ተጫዋች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ