ፒናችን ሜዳ ላይ ነው
ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ለባንኩ ፒያሳ አካባቢ ላለው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በኤቲኤማችሁና በካርድ መክፈያ (ፖስ) ማሽናችሁ የደንበኞች ፒን (የካርድ ምስጢር ቁጥር) ስለመጋለጡ

ጤና ይስጥልኝ። ደመወዜ በእናንተ በኩል የሚገባልኝ የቆየሁ ደንበኛ ነኝ። እስካሁን ከሂሳቤ የጠፋ ብር የለም። እስኪጠፋ ላለመጠበቅ ነው የምጽፈው።

በር ላይ ያለው ኤቲኤም የቁጥር መጫኛውን የሚከልለው መሸፈኛ ተሰብሮ ወድቋል። ወር ሲያልቅ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ደመወዝ ሲገባላቸው ወረፋው አስፋልት ይደርሳል። የሌላ ባንክ ካርድ የያዘም የባንኮችን ኤቲኤም በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል እዚሁ ያወጣል። ከኋላ የቆመው ሰው ማጅራት ላይ ይተነፍሳል። እኔ በእጄ ከልዬ እጫናለሁ። ልጅ ታቅፋ የመጣች እናትስ በየትኛው እጇ ትከልል?

ይህስ ይሁን። ባለፈው የደመወዝ ሰሞን አንዲት ልጅ ማሽኑ እምቢ ሲላት ጥበቃችሁን "ጋሼ፣ እባክዎ ያግዙኝ" አለቻቸው። ካርዷን ተቀብለው ከተቱና "ፒኑ ስንት ነው የኔ ልጅ?" ብለው ጠየቋት። ጮክ ብላ ነገረቻቸው። ወረፋው በሙሉ ሰማ። ሰውየው በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ ብሯንም እፊቷ ቆጥረው ሰጧት። ጥፋቱ ሥራቸው ያልሆነውን ሥራ የጣለባቸው ቅርንጫፍ ነው።

ወዲያው ገብቼ ለደንበኞች አገልግሎት ስናገር "አይስጉ፣ ካርዳችን ቺፕ አለው፣ ኮፒ አይደረግም" ተባልኩ።

እዚህ ላይ አንስማማም። ቺፑ፣ ካርዱ ፊት ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ የምታብረቀርቅ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ስለሚፈጥር አስመስሎ መሥራት በእርግጥ ከባድ ነው። ነገር ግን ቺፑ የሚመሰክረው ለካርዱ ትክክለኛነት ነው። ካርዱን የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅም። ኤቲኤም ላይ ይህን የሚለየው ያ አራት አሃዝ ብቻ ነው። ፒኗን የሰማ ሌባ ባጃጅ ላይ ቦርሳዋን ቢመነትፋት፣ ለማሽኑ የካርዱ ባለቤት እሱ ነው። ቺፑም ምንም አይለውም። በዚያ ላይ ከካርዳችን ጀርባ ጥቁሩ መስመር አሁንም አለ። የያዘው መረጃ ስለማይለዋወጥ ሊገለበጥ ይችላል። መስመሩን ብቻ የሚያነብ ማሽን ላገኘ ሌባ የሚቀረው ፒኑን ማወቅ ነው። እሱን ደግሞ እናንተ በር ላይ በነፃ ይሰማል።

ፖስ ማሽናችሁም ያው ነው። ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት ዓሣ በልቼ ልከፍል ስል አስተናጋጁ ካርዴን ይዞ ወደ ካሸር ሄደ። ተመልሶ ፒን ጠየቀኝ። ራሴ ሄጄ እጫናለሁ ስለው አላመንከኝም ብሎ ቅር አለው። ባለቤቱ እንደነገረኝ ማሽኑን ስትሰጡት ያሳያችሁት ሂሳብ አመታቱን ብቻ ነው።

"ፒንዎን ለማንም አይንገሩ" የሚለው መልእክታችሁ ስልኬ ላይ በየጊዜው ይገባል። በራችሁ ላይ የቆመው፣ የእናንተን ዩኒፎርም የለበሰው ሰው ሲጠይቅ ግን ደንበኛው የቱን ይስማ?

መሸፈኛው ከመጪው ደመወዝ በፊት ይተካ። ማሽኑ ፊት ከአንድ ሰው በላይ እንዳይቆም መሬቱ ላይ መስመር ይሰመር፤ ቀለም ነው፣ ውድ አይደለም። ጥበቃዎች የደንበኛ ካርድ እንዳይነኩ በጽሑፍ ይነገራቸው። በደመወዝ ሰሞን አንድ ሠራተኛ ወጥቶ በሲዳምኛም በአማርኛም ያስረዳ፤ ፒኑን የምትጫነው ግን ባለካርዷ ትሁን። ፖስ የሰጣችኋቸው ድርጅቶችም ማሽኑን ወደ ደንበኛው እንዲያቀርቡ፣ ካልሆነም ደንበኛውን ወደ ማሽኑ እንዲጠሩ አሠልጥኗቸው።

ያቺን ልጅ አላውቃትም። ካርዷ የእናንተው ስለነበር ከማሽኑ መዝገብ ልታገኟት ትችላላችሁ። ዛሬውኑ ደውሉላትና ፒኗን ትቀይር።

ስልኬ ፋይሌ ላይ አለ። መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። እስከ መጪው ደመወዝ ካልተስተካከለ ይህንኑ ደብዳቤ ለብሔራዊ ባንክ አስገባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቅርንጫፉ ደንበኛ

ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል