የጀልባውን መሪ ሳናወርድ ዋጋ የማንናገረው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ጨዋታ (ከመላላት የሚመጣ ንቅናቄ) ያመጣ የሸራ ጀልባ መሪን ስለ መጠገን

ጀልባዎች ከውኃ ወጥተው በሚታዩበት ወቅት አንድ ጥያቄ ይደጋገምብናል። «መሪው ይንቀጫቀጫል፤ ቦኮላውን ቀይሩልኝ። ስንት ታስከፍሉኛላችሁ? በስንት ቀን ይደርሳል?» ቦኮላ ማለት መሪውን ከእጀታው ጋር የሚያገናኘው የብረት ዘንግ በውስጡ የሚዞርበት እጅጌ መሰል ቀለበት ነው። መልሳችን ሁልጊዜ «አውርደን ካላየነው አንናገርም» የሚል ነው። ይህ መልስ ለአንዳንዶቻችሁ ሽሽት መስሎ እንደሚታይ ሰምተናል። እውነትም በስልክ ሲሰማ ሽሽት ይመስላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ረጋ ብለን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሪ ጨዋታ የሚሰማው በአንድ ቦታ ነው፤ የሚመጣው ግን ከብዙ ቦታ ነው። ሌሊት ጀልባው መልሕቅ ጥሎ ሲያርፍ ከኋላ በኩል «ኳ፣ ኳ» የሚለው ድምፅ፣ ማዕበል ከኋላ ሲመጣ እጀታው በመዳፍ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው፣ እነዚህ ሁሉ መሪው መላላቱን እንጂ የቱ እንደላላ አይነግሩም። ዘንጉ የሚዞርበት ቦኮላ አልቆ ሊሆን ይችላል። እጀታው ዘንጉን የጨበጠበት ቡሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። በመንኮራኩር በሚዘወሩት ጀልባዎች ደግሞ መንኮራኩሩን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ረግቦ ይሆናል፤ ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራን አንድ አለ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጀልባው ከውኃ ወጥቶ በድጋፍ ላይ ሲቆም ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከላይ ሆኖ እጀታውን እንዳይነቃነቅ አድርጎ ይያዝ። ሌላው ከታች የመሪውን ሰሌዳ (ውኃ ውስጥ የሚገባውን ጠፍጣፋ ክፍል) የታችኛውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ መጀመሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋው። ዓይኑ ግን ከእጁ ላይ ሳይሆን ዘንጉ ከጀልባው ሆድ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ይሁን። ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ካለ ቦኮላው አልቋል። በቀዳዳው ውስጥ ሳይነቃነቅ ሰሌዳው ከዞረ፣ ዘንጉና እጀታው በሚገናኙበት ላይ በእርሳስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና እንደገና ግፉት። መስመሩ ከተሰበረ ጥፋቱ ከላይ፣ ከእጀታው ማሰሪያ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። መስመሩ ሳይሰበር ሰሌዳው ብቻውን የሚዞር ከሆነ ግን ያን ጀልባ ወደ ውኃ አትመልሱት። ያ የሚያስፈራን ነው።

ምክንያቱን እንንገራችሁ። የብዙዎቹ አሮጌ ጀልባዎች መሪ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ ሁለት የፋይበር ግላስ ቅርፊቶች ተገጣጥመው፣ ውስጣቸው በፎም ተሞልቶ የተሠራ ነው። ከዘንጉ ላይ በብየዳ የተያያዙ ጠፍጣፋ ብረቶች እንደ ዓሣ አጥንት ወደ ፎሙ ውስጥ ይገባሉ፤ ሰሌዳውን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። ውኃ ዘንጉ ወደ ሰሌዳው በሚገባበት ቦታ ቀስ በቀስ ይሰርጋል፤ ምክንያቱም ብረቱና ፋይበር ግላሱ በሙቀትና በብርድ እኩል አይለጠጡም፤ ስለዚህ ማጣበቂያቸው ውሎ አድሮ ይከፈታል። «ብረቱ የማይዝግ ነው» ትሉ ይሆናል። የማይዝገው ግን አየር እስካገኘ ድረስ ነው። ኦክስጅን በሌለው የተኛ ውኃ ውስጥ መከላከያ ሽፋኑን ያጣና እየተበላ ይሄዳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ጀልባው ከወጣ ከቀናት በኋላም ከመሪው ሥር ውኃ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ በተለይም ቡናማ ከሆነ፣ ቦኮላ መቀየር ላዩን መቀባት ነው። ሰሌዳውን በካቻቢቴ እጀታ ስታንኳኩት አንዱ ቦታ ጥርት ብሎ፣ ሌላው ድፍን ብሎ የሚሰማ ከሆነም ንገሩን።

እንግዲህ ጥፋቱ ቦኮላው ነው እንበል። እዚህም ላይ «ትንሽ ነው የላላው» የሚለውን አባባል በጥንቃቄ ተመልከቱት። የላይኛውና የታችኛው ቦኮላ በ50 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ሰሌዳው ደግሞ ከታችኛው ቦኮላ በታች 1 ሜትር ቢወርድ፣ በሁለቱም ላይ ያለ የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጫፉ ላይ ሲደርስ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ሲንቀሳቀስ አይቶ የደነገጠም፣ ቦኮላውን አይቶ የናቀም፣ ሁለቱም ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። ትንሽ ክፍተት የግድ መኖር አለበት፤ ፈጽሞ የማይነቃነቅ መሪ አይዞርም።

ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛችን የናይለን ቦኮላ በቶርኖ ሠርተን ገጠምን። በደረቅ መሬት ላይ እንዴት ያምር ነበር! ጨዋታ የሚባል የለውም፤ በሁለት ጣት ይዞራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደወሉልን፤ መሪው በሁለት እጅም አልዞር ብሏቸዋል። ናይለን ውኃ ይጠጣል፤ ጠጥቶም ያብጣል። በውጭ በኩል የተገጠመበት ቱቦ ስለሚይዘው ማበጥ የሚችለው ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘንጉ ነው። ጀልባውን በራሳችን ወጪ አውጥተን፣ ቦኮላውን አስፍተን መለስን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ዛሬ በፕላስቲክ የምንሠራው ከአሴታል ነው፤ እሱ የሚጠጣው ውኃ ከናይለኑ በጣም ያነሰ ነው። እንዲያም ሆኖ በአሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ክፍተት እንተዋለን። መሪያችሁን ስትቀበሉ በጣም ትንሽ ነቅነቅ ቢልባችሁ ረስተነው እንዳይመስላችሁ።

ዘንጉ ራሱም ይለካል። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ሲፈገፈግ የኖረ ዘንግ ክብነቱን ያጣል። በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) አንድ ጊዜ ለክተን፣ ካሊፐሩን ሩብ ዙር አዙረን ስንለካው ቁጥሩ የተለያየ ከሆነ፣ አዲስ ቦኮላ ብንገጥምለትም በአንዱ አቅጣጫ ይላላል፣ በሌላው ይጨብጣል። ያን ጊዜ ሥራው ወደ ብየዳና ወደ ቶርኖ ይሄዳል። ዋጋውን በስልክ የማንናገርበት ዋናው ምክንያት ይህ መለካት ነው።

«ዘንጉን ሰም ቀብታችሁ ክፍተቱን በኤፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ብትሞሉትስ?» ያላችሁንም አለን። ዘዴው እውነተኛ ነው፤ ዘንጉ ክብና ቀጥ ያለ ከሆነ እኛም እንጠቀምበታለን። ሰሙ አንድ ቦታ ከሳሳ ግን መሪው ከጀልባው ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ በራሳችሁ አትሞክሩት ባንልም ቸኩላችሁ አትሞክሩት እንላለን።

መሪያችሁ ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ እንደ በር በማጠፊያ የተንጠለጠለላችሁ ብዙ አትጨነቁ። የሚያልቀው ሾሉ ወይም ቀለበቱ ነው፤ ሁለቱም ከውጭ ይታያሉ። የማጠፊያው ቡሎኖች የገቡበት እንጨት አለመበስበሱን ብቻ እዩ።

ጀልባውን ከማምጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ጨዋታውን ለማጥፋት ብላችሁ በዘንጉ ዙሪያ ያለውን የውኃ ማሸጊያ ዳዶ አታጥብቁ። እሱ ውኃ እንዳይገባ ነው የተሠራው፤ ሲጠብቅ ድምፁን ይደብቃል፣ ዘንጉን ይፈገፍጋል፣ የላላውን ግን አያጠብቅም። ሁለተኛ፣ መሪው ከነዘንጉ ወደ ታች ተስቦ ነው የሚወጣውና ጀልባው ከፍ ብሎ እንዲቆም ወይም ከሥሩ ጉድጓድ እንዲቆፈር ቀድመን ማወቅ አለብን፤ የዘንጉን ርዝመት ለክታችሁ ላኩልን። ራሳችሁ የምታወርዱት ከሆነ የእጀታውን ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ሰሌዳውን ከሥር ደግፉት። በአንዳንድ ጀልባዎች መሪውን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ውኃ የጠጣ መሪ ደግሞ እግር ላይ ሲወድቅ ቀላል አይደለም።

ከዚህ በኋላ አሠራራችን እንዲህ ይሆናል። መሪውን እናወርዳለን፣ እንለካለን፣ የዘንጉንና የቦኮላውን ልክ ከፎቶግራፍ ጋር እንልክላችኋለን፤ ዋጋ የምንነግራችሁ ያን ጊዜ ነው። ይሠራ ካላችሁ እንሠራለን፤ ይቅር ካላችሁ እንደነበረ መልሰን እንገጥማለን። የወለቀውን አሮጌ ቦኮላ አንጥለውም፤ ልኩን ጽፈንበት ከመሪው ጋር እናስረክባችኋለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች