ለላሊበላ ተጓዦች፦ ስለ ካሜራ ሜሞሪ ካርድና ስለ ኤርፖርት ፍተሻ

ውድ አባላት፣ ለገና ወደ ላሊበላ ስንበር ካሜራችሁንና ሜሞሪ ካርዳችሁን ያለ ስጋት በፍተሻ ማሽኑ አሳልፉ። «ኤክስሬይ ፎቶ ያጠፋል» የሚለው ፍርሃት ከፊልም ዘመን የተረፈ ነው። ፊልም በጨረር ይበላሻል፤ ሜሞሪ ካርድ ግን ምስሉን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ የፍተሻው ጨረር አይጎዳውም። በእግር የምናልፍበት የብረት መፈተሻ በርም እንደዚሁ፤ ካርዱ እንደ ድሮ ካሴት በማግኔት የሚሠራ አይደለም።

በፊልም የምታነሱ (እንዳላችሁ አውቃለሁ) ፊልሙን በምታስረክቡት ሻንጣ አትክተቱ፤ የዚያ ማሽን ጨረር ይበረታል። በሚያሳይ ፕላስቲክ ይዛችሁ በእጅ እንዲፈተሽላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ አይኤስኦው (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሱነት መለኪያ) 800 እና ከዚያ በላይ ከሆነ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪም በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ፣ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ።

እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑ ሳይሆን የፍተሻ ትሪ ላይ የሚረሳ ካርድ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ አታድርጉት፤ በመያዣው ከታችሁ የካሜራ ቦርሳው ውስጥ ዝጉበት።

ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቦሌ፣ የአገር ውስጥ በረራ መግቢያ በር ላይ እንገናኝ። መታወቂያ ያዙ። ፊልም የምትይዙ ቀድመን እንድንገባ እስከ ታኅሣሥ 23 ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ሌሎቻችሁም መልእክቱ እንደደረሳችሁ አሳውቁኝ።