ካትኒስ በፈቃዷ አልገባችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ በባህል ገጻችሁ ስለ «ሀንገር ጌምስ» መጻሕፍት ያወጣችሁት ጽሑፍ አናዶኛል። ያነበባችሁት ታስታውሳላችሁ። ጸሐፊያችሁ ሁለተኛውን መጽሐፍ፣ «ካቺንግ ፋየር»ን፣ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው ብሎ አጣጣለው። ማስረጃው ምንድን ነው? ዋና ገጸ ባሕሪዋ ካትኒስ ልክ እንደ መጀመሪያው በፈቃዷ ተመልሳ ወደ ውድድሩ ትገባለች የሚል ነው።

አትገባም! በፈቃዷ አልገባችም። ይህን ያህል ዓይን ያወጣ ስህተት በጋዜጣ ታትሞ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ውድድሩ ከየዲስትሪክቱ፣ ማለትም ከየአውራጃው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ተመርጠው በካሜራ ፊት የሚገዳደሉበት ነው። በፈረንጆቹ 2008 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ዕጣው የወጣው ለካትኒስ ታናሽ እህት ለፕሪም ነው። ልጅቷ ገና 12 ዓመቷ ነው። ስሟ የገባውም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የካትኒስ ስም ግን 20 ጊዜ ገብቷል፤ የጓደኛዋ የጌል ደግሞ 42 ጊዜ። ምክንያቱም ድሃ ልጅ ለቤተሰቡ እህልና ዘይት ለማግኘት ሲል ስሙን ደጋግሞ ያስገባል። የራበው ወደ ሞት ይበልጥ ይቀርባል ማለት ነው። ያም ሆኖ ዕጣ ነውና ማንን እንደሚጥል አይታወቅም። ካትኒስ በእህቷ ፈንታ እኔ ልሂድ ብላ ወጣች። እዚህ ላይ በፈቃዷ ገባች ቢባል ልክ ነው።

ሁለተኛውስ? ውድድሩ 75ኛ ዓመቱን ይዟል። በየ25 ዓመቱ ልዩ ሕግ ይወጣል፤ የዚህ ዓመቱ ሕግ ተወዳዳሪዎቹ በሕይወት ካሉት የቀድሞ አሸናፊዎች መካከል ይመረጡ ይላል። በካትኒስ አውራጃ በዲስትሪክት 12 በሕይወት ያሉት አሸናፊዎች ሦስት ናቸው፦ ከእሷ ጋር ያሸነፈው ፒታ፣ አሠልጣኛቸው ሄይሚች እና ካትኒስ። ሴት አንዲት ብቻ! ዕጣ አውጪዋ ኤፊ ትሪንኬት እጇን ትልቁ የመስታወት ሳህን ውስጥ ትከታለች። ውስጡ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት ያለችው። የማን ስም እንደተጻፈባት አደባባይ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል። ኤፊ ግን ወረቀቷን ለመያዝ ትታገላለች። እኔ ይህን ገጽ ሳነብ እጄ ቀዝቅዞ ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ ቤተሰብ ገብቶ የመሰናበቻ ጊዜ ይሰጠው ነበር። አሁን እሱም ቀረ። ከመድረኩ ቀጥታ ወደ ባቡሩ ነዷቸው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሕጉ በቴሌቪዥን የተነገረ ሌሊት አለ። ካትኒስ ከቤቷ ወጥታ ትሮጣለች። አንድ ሰው የማይኖርበት ቤት ገብታ ምድር ቤቱ ውስጥ ትደበቃለች። ጨርቅ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትጮኻለች፤ ማንም እንዳይሰማት። በፈቃዷ የምትሄድ ሰው እንዲህ ትሆናለች?

ስለዚህ ጸሐፊያችሁ መጽሐፉን አላነበበውም። ለመሳደብ ብዬ አይደለም። ታሪኩ በሙሉ የቆመው እዚህ ነጥብ ላይ ስለሆነ ያነበበ ሰው ሊስተው አይችልም። በ2013 የወጣውን ፊልም ብቻ ያየም አይስተውም። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሜዳው እንደገና አለ፣ ካሜራው አለ፣ ግድያው አለ፤ ይህን አልክድም። ጸሐፊዋ ሱዛን ኮሊንስ ግን እዚያው ሜዳ የመለሰችን በምክንያት ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ዲስትሪክቶቹን የሚገዛው ካፒቶል «ዕጣ ነው፣ ምን እናድርግ» የሚልበት ሽፋን ነበረው። በሁለተኛው ያ ሽፋን ተገፈፈ። ያሸነፈ ሰው ዕድሜ ልኩን ከውድድሩ ነፃ ነው ተብሎ ነበር። ፕሬዚዳንት ስኖው ካትኒስን ሲፈራት ቃሉን አጠፈው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኼ ነው። የሚገቡትም ቢሆኑ እንደ በፊቱ የማይተዋወቁ ልጆች ብቻ አይደሉም። ለዓመታት የሚተዋወቁ፣ አብረው የጠጡ፣ የተከዳን ሰዎች ነን ብለው ያመረሩ አዋቂዎች ይበዙባቸዋል። ከውድድሩ በፊት ቃለ መጠይቅ በተደረገላቸው ምሽት 24ቱም ተወዳዳሪዎች በካሜራ ፊት እጅ ለእጅ ተያያዙ። የካፒቶል ሰዎች ስርጭቱን ለማቋረጥ ተሯሯጡ። በመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር አለ? የለም።

በፈቃዱ የገባ ሰው የፈለገ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ያገኛል። ሄይሚች ስሙ ሲወጣ ፒታ በእሱ ፈንታ ገባ። ከዲስትሪክት 4 ማግስ አለች። 80 ዓመት ገደማ የሆናት፣ ንግግሯ በቅጡ የማይሰማ አሮጊት ናት። አእምሮዋ የታወከ ወጣት ሴት ስም ሲወጣ እኔ ልሂድላት አለች። ሜዳው ውስጥ መርዛማ ጭጋግ ሲያሳድዳቸው የዲስትሪክቷ ወንድ ተወዳዳሪ ፊኒክ በጀርባው ተሸክሟት ይሮጣል። ፒታም መሮጥ ሲያቅተው ሁለቱንም የሚሸከም ሰው ጠፋ። ማግስ ፊኒክን ሳመችው። ከዚያ ራሷ ወደ ጭጋጉ ገባች። ጸሐፊያችሁ እነዚህን ሰዎች ትቶ ያላደረገችውን ለካትኒስ ሰጣት። እኔን ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

ለአንድ ልብ ወለድ ይህን ያህል መንጨርጨር ለምን የሚል ይኖራል። ልንገራችሁ። እኔ ደሴ የምኖር የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሰው ሁለተኛውን በንባብ ክበባችን እናንብብ አሉ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ እንዲፈቀድልን ጠየቅኩ። ኃላፊው የእናንተን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ጋዜጣው ራሱ ድግግሞሽ ነው ብሏል» አለኝ። በዚያው ተዘጋ። ተማሪዎቼ የከለከላቸው ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

ጽሑፉ ሲያበቃ ደግሞ እነዚህን መጻሕፍት የሚያነቡት አዲስ አበባ የውጭ ትምህርት ቤት የሚማሩ ጥቂት ልጆች ናቸው ይላል። እኛ የት ሄድን? የእኔ ተማሪዎች መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ፣ መብራት ሲጠፋ በቀረችው ባትሪ ያነባሉ። የከበዳቸውን ቃል ጠርዝ ላይ ጽፈው ጠዋት ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንዷ ልጅ ማግስ ወደ ጭጋጉ የገባችበትን ገጽ በእጇ ገልብጣ ደብተሯ ሽፋን ውስጥ ለጥፋዋለች። ይህችን ልጅ ጸሐፊያችሁ የለችም አላት።

የጎረምሳ ፍቅር ብቻ ነው ማለቱም ልክ አይደለም። ካትኒስ ዲስትሪክት 11 ሄዳ በመጀመሪያው ውድድር ስለ ሞተችው ስለ ትንሿ የዲስትሪክቱ ልጅ ስለ ሩ ስትናገር አንድ ሽማግሌ የሩን ዜማ በፉጨት ያዜማል። ሕዝቡ ሦስት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ እሷ ይዘረጋል። ሽማግሌው እዚያው፣ በሕዝቡ ፊት፣ በጥይት ተገደለ። በ2014 ታይላንድ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ተቃዋሚዎች ይህንኑ የጣት ምልክት አደባባይ ይዘው ወጡ። የታሰሩበትም አሉ። በ2021 ማያንማርም እንዲሁ። ሰው የሚታሰርበትን ምልክት ያሰራጨ ታሪክ የጎረምሳ ፍቅር ብቻ ሊባል አይገባም።

እኔ ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያው አብልጬ እወደዋለሁ። (ሦስተኛውን ያን ያህል አልወደድኩትም፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።) ጸሐፊያችሁ ላይወደው ይችላል፤ መብቱ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን አለ ብሎ የመጻፍ መብት ግን የለውም።

የምጠይቀው ማስተካከያ ነው። በዚያው የባህል ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ካትኒስ ኤቨርዲን በሁለተኛው መጽሐፍ በፈቃዷ እንዳልገባች ጻፉ። ከአዲስ አበባ ውጭም አንባቢ እንዳለ ጨምሩበት። ሲወጣ ቆርጬ ለኃላፊው እወስድለታለሁ። ሁለቱን ክፍለ ጊዜም እንደገና እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ