አባባ፣ ኪኒኑን ለምን አቋረጡት?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሶስና ሁለት የፊት ጥርሶቿን ነቅላለች፤ ታናሿም ያለ ደጋፊ ብስክሌት መንዳት ጀምሯል። ስለነሱ ብዙ ልጽፍልዎ ነበር፤ ግን ትናንት ወንድሜ «አባባ ተሽሏቸው ኪኒኑን በ12ኛው ቀን ተውት» ካለኝ ወዲህ ሌላ ነገር አልታይ አለኝ።

ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ የሌሊቱ ላብም ትቶዎታል፤ አምናለሁ። ያሳመመዎት ባክቴሪያ፣ ብሩሴላ፣ ግን ገና ውስጥዎ ሊኖር ይችላል። ሥራዬ ስለሆነ አካሄዱን ልንገርዎ።

ብዙዎቹ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች ሲያድጉ ጎናቸው ተለጥጦ ይረዝማሉ፣ ከዚያ መሃላቸው ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። ብሩሴላ የሚያድገው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው። አሮጌው ጫፍ እንዳለ ይቀመጣል። አዲሱ ጫፍ ላይ ኢንዛይሞች ፔፕቲዶግላይካን የሚባለውን የግድግዳ መረብ በጥቂቱ ይፈቱታል፣ ሌሎች አዲስ ክር አስገብተው ያያይዙታል። መፍታቱ ከበዛ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ካነሰ አያድግም። በሌሎቹ ዘንጎች ይህን ሥራ በጎናቸው ዙሪያ የሚመራው ኤምሬቢ የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ብሩሴላ ግን የለውም።

ብሩሴላ ሁለት ክሮሞሶም (የዘር መመሪያው የተጻፈበት ዲኤንኤ) አለው። ትልቁ፣ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ያለው፣ ቀድሞ መገልበጥ ይጀምራል፤ የአዲሱ ቅጂ መነሻም ወደሚያድገው ጫፍ ይጎተታል። 1.2 ሚሊዮን ገደማ ያለው ትንሹ ቆይቶ ይከተላል። በመጨረሻ ኤፍቲኤስዜድ የሚባል ፕሮቲን ቀለበት ሠርቶ ወገቡን ያጠብቅና ቡቃያው ይለያል።

የሚያስፈራኝ ይህ ቡቃያ ነው። እንደተወለደ ወዲያው አይራባም፤ ክሮሞሶሙን መገልበጥ ሳይጀምር ይቆያል። ጀርም ሊውጡ ወደተዘጋጁት የሰውነታችን ዘብ ሕዋሳት የሚገባውም በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ሳያድግ ያሳልፋል። የታሰረበት ከረጢት አሲድ ሲሆን ቪርቢ የተባለ መርፌ መሰል መሣሪያ ይሠራና በሱ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ዘቡ ሕዋስ ይወጋል። ከዚያ ሕዋሱ ፕሮቲን ወደሚያመርትበት ክፍል ደርሶ እዚያ ይራባል። ዘቡ ቤቱ ሆነለት ማለት ነው።

ከታዘዙልዎ ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሲሳይክሊን የባክቴሪያውን ራይቦዞም፣ ማለትም ፕሮቲን መሥሪያውን፣ ይዞ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ እድገቱን ይገታል እንጂ ቶሎ አይገድልም። ሁለተኛው፣ ሪፋምፒሲን፣ ደግሞ ዲኤንኤውን ወደ አርኤንኤ (የመመሪያው ቅጂ) የሚገለብጠውን ኢንዛይም ያቆማል። ሁለቱ አንድ ላይ 6 ሳምንት የሚሰጡት ሕዋስ ውስጥ የተደበቀውን ለማዳረስ ነው። በ12 ቀን የተቋረጠ ሕክምና በሽታውን መልሶ ሊያመጣ ይችላል፤ ሲመለስ አከርካሪ ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ አልፎ አልፎም የልብ በር ላይ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ካርድዎን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ስንት ቀን እንደዘለሉ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። የደም ግፊት ኪኒንዎንም ያሳዩ፤ ሪፋምፒሲን የአንዳንዱን የግፊት መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል። ሽንትዎ ብርቱካንማ ቢሆን አይደንግጡ፣ ከሪፋምፒሲኑ ነው። ዶክሲሳይክሊኑን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡ፣ ለግማሽ ሰዓትም አይጋደሙ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ከወተት ጋር ግን በፍጹም! ካልሲየሙ ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል።

ስለ ላምዎ «ዳለቻ ጤነኛ ናት» ብለውኛል። በ1905 እ.ኤ.አ. ማልታ ላይ ሐኪሙ ቴሚስቶክለስ ዛሚት ይህን በሽታ ያገኘባቸው ፍየሎችም ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ዳለቻ በሰባተኛ ወሯ ስትጨነግፍ ጥጃውን በባዶ እጅዎ ነው የጎተቱት። የላም እንግዴ ልጅ ኤሪትሪቶል የሚባል ነገር አለበት፤ ብሩሴላ ከግሉኮስ አስበልጦ ይወደዋል፣ ስለዚህ እዚያ እጅግ ይበዛል። በተጫረ ቆዳም ይገባል። ላሚቱን የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት፤ ወተቱም ገንፍሎ ሳይፈላ ማንም አይቅመስ፣ እርጎውም ከተፈላ ወተት ይሁን።

አባባ፣ አንድ ነገር ልበልዎና ይቅር ይበሉኝ። እማዬ ስትታመም «እዚያ ሆና እንዳትጨነቅ» ብላችሁ ደበቃችሁኝ፤ የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ለእኔ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ያስተማሩኝ፣ ላብራቶሪ ድረስ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎን ሕመም ግን ከወንድሜ አፍ ሰማሁት። ዳግመኛ እንዲያ አይሁን።

ባለፈው «ወገብዎንስ ያምዎታል?» ብዬ ስጠይቅ ወሬውን ወደ ዳለቻ አዞሩት። ለኔም ሆነ ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ፦ ያምዎታል? ሌሊት ይብሳል? እሑድ እደውላለሁ፤ ስልኩን ለወንድሜ አይስጡት፣ እርስዎ ያንሱልኝ።

ልጅዎ